የስድስተኛው መስኮት መጋረጃ

መስከረም 18 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣ በሩቅ ሆኜም ድምፅዎ ለሚሰማኝ፤

ይህች ደብዳቤ በሰላም ቤትዎ ትግባ፤ እርስዎንም ሚጢንም በጤና ታግኛችሁ። ፈጣሪ ዓይንዎን ከመርፌው ቀዳዳ፣ እጅዎን ከጨርቁ አይለይብን። እኔ ደህና ነኝ። አውቶቡሴም ደህና ናት፤ ባለፈው የጻፍኩልዎት ሳል ለቋታል።

እትዬ፣ ቤት ልገዛ ነው። በስልክ ልነግርዎት አስቤ ነበር፤ ሚጢ ስልኩን ከያዘች ግን ለእኛ የሚተርፈን ‘ቻው’ ብቻ ነው። እናቷ ካረፈች በኋላ ልጄን በሁለት ዓመቷ እርስዎ እጅ ላይ ትቻት ከአገር ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሞላ። በኪራይ ክፍል ከሦስት ሰው ጋር እየኖርኩ ልጅ ላምጣ ብል የሚሰማኝ የለም። የራሴ ቤት ሲኖረኝ ግን የመምጫ ወረቀቷ ይንቀሳቀሳል ብለውኛል። እዚህ ያሉ የሥራ ባልደረቦቼ ልጄ ማን ጋር እንዳለች ሲጠይቁኝ ‘የእናቴ አክስት ልጅ ጋ’ እላቸዋለሁ። ‘ታዲያ ሩቅ ዘመድ ናቸዋ!’ ይሉኛል። ዘመድ በምን እንደሚለካ እርስዎ ባለ ሜትሯ ይንገሯቸው።

ችግሬ ይኸውልዎት። ሁለት ጎረቤት ወረዳዎች አሉ፤ መሃላቸው ወንዝ ነው፤ በወንዙ ላይ ድልድይ አለ፤ ድልድዩን በቀን አሥራ አራት ጊዜ እሻገረዋለሁ። በማዶው ወረዳ ያየሁት ቤት በሁለት ቤቶች መሃል የተጣበቀ ነው፤ ትንሽ ነው፤ ግን የወረዳው ትምህርት ቤት ስሙ የተጠራ ነው። በወዲህኛው ወረዳ ያየሁት ሰፊ ነው፤ ከፊቱ ሁለት ዛፍ አለው፤ ትምህርት ቤቱ ግን እንዲያው ለስም ያህል ነው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ሕጉ ደግሞ ልጅ የምትማረው ቤቷ ባለበት ወረዳ ነው ይላል፤ እዚህ አድሮ እዚያ መማር የለም።

ጠዋት ጠዋት ወንዙ ላይ ጭጋግ ይተኛል። ድልድዩ መሃል ስደርስ የቱም ወረዳ አይታየኝም። መሪው እጄ ላይ የቀለለ ይመስለኛል። ያኔ ሁለቱንም ቤቶች በደንብ አያቸዋለሁ፤ በሁለቱም ውስጥ መብራት በርቶ ሰው ሲንቀሳቀስ። ከጭጋጉ ስወጣ ይጠፉብኛል። ለሚጢ የሚሻላት የቱ ነው ይላሉ?

ልጅዎ፣ ሹፌሩ

ጥቅምት 9 ቀን

ለልጄ ለቀስ በቀስ፤

መንገድህ ቀና ይሁን፤ ፍሬንህ ይያዝልህ፤ ክፉ ተሳፋሪ አያሳፍርህ። እኛ ደህና ነን። ሚጢ ሁለት የፊት ጥርሷን በአንድ ሳምንት ጥላ ስትስቅ የተከፈተ በር መስላለች።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ አንተን ግን ስድስት ዓመት ጠበቅንህ፤ የአንተ እንቁላል ገና አሁን እግሩን አወጣ። ደስ ብሎኛል። ከደስታዬ ብዛት የአንዲት ሴትዮ ቀሚስ እጅጌ አገላብጬ ሰፍቼ እንደገና ፈታሁት።

ምረጪልኝ ነው የምትለኝ? ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ ይህንን አንተም ታውቃለህ። እኔ ግን ሳላይ አልፈርድም። የመስኮቶቹን ልክ ላክልኝ፣ የሁለቱንም ቤቶች። ሠላሳ ዓመት በሰው ቤት መስኮት ላይ ስወጣና ስወርድ ኖሬያለሁ፤ የቤትን ጠባይ በመስኮቱ ነው የማውቀው። ልኩን የጠየቅኩህ ልሰፋልህ እንዳይመስልህ። ራሴ ላልለካሁት መስኮት መጋረጃ አልሰፋም። አንድ ጊዜ ለአንድ ርእሰ መምህር ዘበኛው በለካው ሰፍቼ መጋረጃው ሲሰቀል ሱሪው ያጠረበት ጎረምሳ መሰለ። ያን ቀን ማልኩ።

ሰው ካገኘህ ቁጥር አሥራ አራት መርፌ፣ ጥቁር ክር፣ ለስፌት መኪናዬ ሞተር ደግሞ ቀበቶ ላክልኝ። ያን ሞተር ከላክህልኝ ወዲህ እግሬ አርፏል፤ በየስፌቱ እመርቅሃለሁ።

እትዬህ

ኅዳር 2 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣ ጤናዎ ይብዛልኝ፣ ሳቅዎ አይጉደልብኝ፤

መርፌውና ክሩ በሰው ተልኳል፤ ቀበቶውን እያፈላለግኩ ነው።

ልኩን ወስጃለሁ። ሜትር መያዝ ረስቼ በስንዝር ነው የለካሁት። ደላላው ግድግዳ ላይ እጄን እየዘረጋሁ ስሳብ አይቶ ‘ሰውዬ፣ ቤቱን ልትገዛው ነው ወይስ ልታሸው?’ አለኝ።

የማዶው ቤት አራት መስኮት አለው። የሳሎኑ ስፋት ሰባት ስንዝር፣ ቁመቱ ስድስት። የማድቤቱ ሦስት በሦስት ነው፤ የጎረቤት ግድግዳ ነው የሚያየው። ሁለቱ መኝታ ቤቶች እኩል ናቸው፣ አምስት በስድስት። ሚጢ ከአልጋዋ ሆና የትምህርት ቤቷን ጣሪያ ማየት ትችላለች።

የወዲህኛው ስድስት አለው። ሳሎኑ ሁለት መስኮት፣ እያንዳንዱ ስምንት በሰባት። ማድቤቱ አራት በአራት ሆኖ ዛፎቹን ያያል። የእኔ መኝታ አምስት በስድስት፣ የሚጢ ስድስት በስድስት። ከዚያ ጫፍ ላይ አንድ ክፍል አለች፤ ጠባብ ናት ግን ወደ ምሥራቅ ታያለች። መስኮቷ አምስት በስድስት፤ ከወለሉ እስከ ደፏ ሦስት ስንዝር ተኩል፤ ከመስኮቷ እስከ ሶኬቱ አራት ስንዝር። የገባሁት ጠዋት ነበር። ብርሃኑ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ደላላው እስኪጠራኝ ድረስ ለምን እንደቆምኩ አላውቅም።

ልጅዎ፣ ሹፌሩ

ኅዳር 24 ቀን

ለልጄ፤

እግዜር ከክፉ ይጠብቅህ፣ የእጅህን ስንዝር አያሳጥርብህ።

በስንዝር የላክኸው ሊያናድደኝ ነበር፤ ከዚያ አሰብኩት። ከመሄድህ በፊት የመንጃ ጓንት የሰፋሁልህ እኔ አይደለሁም? የወረቀት ልኩ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አውጥቼ ለካሁት፦ ስንዝርህ ሃያ ሁለት ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ ቤቶችህን አሁን አውቃቸዋለሁ።

የሆነውን ልንገርህ። ሚጢ ልኩን ስነግራት ጠመኔዬን ወስዳ ሁለቱንም ቤቶች የሱቁ ወለል ላይ ሣለቻቸው። ክፍሎቹን በግምት፣ መስኮቶቹን ግን በትክክለኛ ልካቸው። ወለሉ ስላልበቃት አንዱን በሌላው ላይ ደረበችው፤ የማዶውን በነጭ ጠመኔ፣ የወዲህኛውን በሰማያዊ። አሁን የምንኖረው በሁለት ወረዳ ነው። ደንበኛ ሲገባ ‘በበሩ ግቢ! ግድግዳ ረገጥሽ!’ ትላለች። አንዲት ትልቅ ሴትዮ ጨርቅ ሊገዙ መጥተው በሰማያዊው ሳሎን አልፈው፣ በነጩ ማድቤት ዞረው፣ ይቅርታ እየጠየቁ ወጡ። ማታ አልጠርገውም፤ መጥረጊያው መስመሩን ይዘላል።

ትናንት ከነጩ ቤት መሃል ቆሜ ሳዋራት ‘እትዬ፣ ግድግዳው ውስጥ ነሽ’ አለችኝ። ወደ ግራ ብል ያንተ ክፍል፣ ወደ ቀኝ ብል የእሷ። እንግዲህ ወደ ውጭ ወጣሁና ከመስመሩ ወዲያ ሆኜ አዋራኋት። ደግሞ ከሰዓት በኋላ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ደገፍ ብዬ ሸለብ ሲያደርገኝ፣ ጨርቅ በትከሻዬ ተሸክሜ ቤት ውስጥ እሄዳለሁ። መስኮቶቹ ቀስ እያሉ ይንቀሳቀሳሉ፣ እንደ አውቶቡስ መስኮት። ለመለካት እጄን ስዘረጋ ያልፉኛል። ስነቃ ሜትሬ አንገቴ ላይ ነበር።

አንድ ነገር ግን ጠይቄህ ልተው። ከመስኮት እስከ ሶኬት ምን አስለካህ? መጋረጃ መብራት አይጠጣም። ሠላሳ ዓመት ስሰፋ ሶኬት የለካልኝ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ።

መርፌው ደርሷል። ቀበቶው ይቆይ፤ ነጭ ክር ግን ጨምረህ ላክልኝ።

እትዬህ

ታኅሣሥ 20 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣ ፈጣሪ ሰላሙን እንደ ሸማ ያልብስዎ፤

ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቴም ቀደድኩት።

የሁለቱም ቤቶች ባለቤቶች መልስ እየጠበቁ ናቸው፤ ከአንድ ወር በላይ አይታገሱኝም። ጭጋጉ ብሷል። ዛሬ ድልድዩ ላይ መብራቴን አብርቼ በእግር ፍጥነት ነበር የነዳሁት፤ አንድ ተሳፋሪ ከኋላ ‘ሹፌር፣ ደርሰናል ወይስ ገና ነን?’ አለኝ። ‘እኔም እሱን ነው የምጠይቀው’ አልኩት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሶኬቱን በተመለከተ ዝም ብዬ ነው የለካሁት። እጅ አንዴ መለካት ከጀመረ አይቆምም።

ሱቁ እንዴት ነው? ደንበኞቹ እንደማይለቁዎት አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት ቀላል አይደለም፤ ሰው ከለመደው ቦታ ተነሣ ቢሉት ይከብደዋል። እንዲያው ሳስበው ነው። ስለ ቤቱ ግን ቁርጡን ይንገሩኝ፤ እርስዎ ያሉትን አደርጋለሁ።

ልጅዎ፣ ሹፌሩ

ጥር 6 ቀን

ለልጄ፤

ጤና ይስጥህ፤ ያሰብከውን ያሳካልህ።

ቁርጡን ካልክ ማዶውን ግዛ።

ሚጢ ረጅሙን ማካፈል ለብቻዋ ትሠራለች። የጨርቅ ጥቅል ላይ የተጻፈውን ሁሉ ታነባለች። ዘጠኝ ቀሚስ ከስንት ሜትር እንደሚወጣ ከእኔ ቀድማ ትነግረኛለች። እንዲህ ያለች ልጅ ለስም ያህል ወደቆመ ትምህርት ቤት አትሄድም። ዛፍ ጥሩ ነው፣ ስፋትም ጥሩ ነው፤ ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሐኪም የሆነ ሰው አላውቅም። ሁለት ክፍል ለሁለት ሰው ይበቃል።

ሱቄ ደህና ነው። ሠላሳ ዓመት የተተከለ ሰው በአንድ ቀን አይነቀልም፤ እውነትህን ነው። እኔን ከሒሳቡ አውጣኝ። ምንም አትላክልኝ፤ ቀበቶውንም ተወው፤ በአሮጌው እየሠራሁ ነው።

ለማዶው ቤት አራቱን መጋረጃ እሰፋለሁ። አዎ፣ ላልለካሁት መስኮት አልሰፋም ብዬ ነበር፤ ያንተን ስንዝር ግን አውቀዋለሁ። ልጅቷ እዚያ ስትደርስ ከእኔ እጅ የወጣ ነገር ይጠብቃት። የቀረውን ሆድ ይፍጀው።

እትዬህ

መጋቢት 15 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣ ፈጣሪ ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ለእርስዎ ይጨምርልዎት፤

ከሁለት ወር በላይ ዝም አልኩ። ተቀይመውኝ ከሆነ ይገባኛል። እኔን ግን ያስፈራኝ ደብዳቤዎ ነው። ደግሜ ደግሜ አነበብኩት፤ ምንም አላዘዙኝም። መርፌ የለ፣ ክር የለ። እርስዎ ምንም ሳያዝዙ ደብዳቤ ጨርሰው አያውቁም።

ቢሆንም እንዳሉኝ ማዶውን ልገዛ ቀጠሮ ያዝኩ። ውሉን ልፈርም በነበረበት ሳምንት መስመሬን ቀይረው የከሰዓቱን ሰጡኝ። የማዶው ትምህርት ቤት ልጆች በዘጠኝ ሰዓት ይወጣሉ፤ የማሳፍራቸው እኔ ሆንኩ። የመጀመሪያው ቀን በስፖኪዮ ሳያቸው አንገታቸው ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር አየሁ። ቁልፍ ነው፣ እትዬ። በክር የታሠረ የቤት ቁልፍ። ከአውቶቡሱ ልጆች በአሥራ አንዱ አንገት ላይ ቁልፍ አለ። ወረዳው ውድ ስለሆነ እናትም አባትም እስከ ማታ ይሠራሉ።

አንዷ ሚጢን ታህላለች። መውረጃዋ ሲደርስ አልወረደችም። ‘አልፈሻል’ አልኳት። ‘ቤት ማንም የለም፤ አንድ ዙር ልዙር?’ አለችኝ። ከኋላዬ ተቀምጣ ድልድዩን ተሻግረን፣ ወዲህ ደርሰን፣ ተመልሰን አወረድኳት። በማግስቱም ዞረች። በሦስተኛው ቀን መጠየቅ ትታ ዝም ብላ ተቀመጠች። እኔ ሥራ የምፈታው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሦስት ሰዓት ነው። የእኔን ልጅ ማን ያዞርልኛል ብዬ አሰብኩ፤ ቀጠሮዬንም ሰረዝኩ።

እትዬ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን አንድ በአንድ ልናገረው። ሶኬቱን የለካሁት ለስፌት መኪናዎ ነው። ያቺን ክፍል ያየሁ ዕለት፣ ብርሃኑ ወለሉ ላይ ሆኖ፣ እርስዎ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ክር በጥርስዎ ሲቆርጡ ታዩኝ። ሕልም አይደለም፤ ቆሜ ነው ያየሁት። ልጠይቅዎት ፈራሁ። ‘ሞግዚት ፈልጎ ነው’ እንዳይሉኝ፣ ደግሞም ከሱቅዎ ነቅዬ አምጥቼ እንዳላስከፋዎት ፈራሁ። ማዶውን ግዛ ሲሉኝ መምጣት አይፈልጉም ማለት ነው አልኩ። አሁን ግን ሳስበው፣ እኔ ሳልጠራዎት እንዴት ‘እመጣለሁ’ ይበሉ?

ለሚጢ ብቻ አይደለም። መንጃ ፈቃድ ስማር ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ነበር የምተኛው፤ ሳመሽ በሩን የሚከፍቱልኝ እርስዎ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በር የከፈተልኝ ሰው የለም። ስድስት ዓመት በራሴ ቁልፍ ስገባ ኖርኩ፤ ሰለቸኝ፣ እትዬ።

የወዲህኛውን ገዝቻለሁ። የማዶው ትምህርት ቤት ይበልጣል፤ አልዋሽዎትም። የወዲህኛውን ሄጄ አየሁት፤ አስተማሪዋ አንዲት ሆና ሁለት ክፍል ታመላልሳለች፤ ግን ልጆቹን በየስማቸው ነው የምትጠራቸው። ወረቀቱን ለሁለት ሰው አስገብቻለሁ። ከዚህ ጋር ያለው ቅጽ ላይ የእርስዎ ፊርማ ይቀራል። ካልፈለጉ ይቅደዱት፤ አልቀየምም። ክፍሏ ግን የእርስዎ ናት፤ ባይመጡም ሌላ ሰው አላስገባባትም።

ልጅዎ፣ ሹፌሩ

ሚያዝያ 11 ቀን

ለልጄ ለቀስ በቀስ፤

ቤትህን ፈጣሪ ይባርከው፤ በሩ ለደግ ይከፈት፣ ጣሪያው ዝናብ ብቻ ይስማ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ አንዲት ሙሽራ ፊቴ ቆማ ስለካት ነው። ወገቧን ይዤ አነበብኩት። ‘እትዬ፣ ወገቤ ስንት ሆነ?’ ስትለኝ ‘ስድስት መስኮት’ አልኳት። ልጅቷ ደንግጣ ሄደች፤ ነገ ትመለሳለች።

አንተ ደደብ! ሶኬት እየለኩ ዝም ይባላል? ከአራት ወር በላይ ከነጩ መስመር ውጭ ቆሜ ሳዋራችሁ ኖርኩ። ልጅቷ እጄ ላይ አድጋ፣ ሻንጣዋን ልሰፋላት ጨርቅ መርጬ፣ እሷ ከሄደች ሱቁን በስንት ሰዓት እዘጋለሁ፣ ማንስ ይቆየኛል እያልኩ። ማዶውን ግዛ ያልኩህ አንጀቴ እያረረ ነው። ማዶው ለእሷ ይሻላታል ብዬ አምኜም ነው፤ ሁለቱም እውነት ነው። አንተ ደግሞ እዚያ ሆነህ ያንኑ ፍርሃት ትፈራለህ። ዘመዳሞች መሆናችንን አሁን አመንኩ።

ስለ ትምህርት ቤቱ አትጨነቅ። ጨርቅ ቢያጥር ቅጥያ ይደረግበታል። አስተማሪዋ ያጎደለችውን ማታ ማታ እኛ እንሞላዋለን፤ አንተ መንገዱን፣ እኔ ልኩን። ያቺን ባለ ቁልፍ ልጅ ደግሞ እንደመጣሁ አሳየኝ። ዙሯን ወዲህ ስትደርስ ትውረድና ከሚጢ ጋር ትቆይ፤ ስትመለስ ታደርሳታለህ። እናቷን አስፈቅድ ታዲያ።

ቅጹን ፈርሜ ልኬዋለሁ። ሱቁን አብራኝ ቀሚስ የምትሰፋ ባልደረባዬ ትይዘዋለች። የማዶውን ቤት ሚጢ ራሷ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው። መስመሩ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ሲደርቅ ነጭ ነጭ ይላል፤ ደንበኞቼም እስከ ዛሬ እግራቸውን አንስተው ያልፉታል። ሰማያዊውን አልነካነውም። ትናንት ጫፍ ላይ ባለችው ክፍል ውስጥ በርጩማ አስገብቼ ተቀመጥኩ፤ ሚጢም አንኳኩታ ገባች።

ከዚህ ጋር ጥቅል ይመጣልሃል። የሳሎኑ ሁለት ቢጫ ነው፤ ጭጋጉ ሲገባ ቤቱ እንዳይጨልም። የማድቤቱ አጭር ነው፤ ዛፎቹን እንዳይከልል። ያንተ ወፍራም ነው፤ ከሰዓት መስመር የያዘ ሰው ጠዋት ይተኛል። የሚጢን እሷው መርጣዋለች፤ ዓይንህን ካመመህ ከእሷ ጋር ተነጋገር። ቅምቅማታቸውን ሰፋ አድርጌዋለሁ፤ ስንዝርህ በስድስት ዓመት ያደገ እንደሆነ ይለቀቃል።

አምስት ናቸው። ቆጥረህ አንዱ ጎደለ ብለህ ፖስታ ቤቱን እንዳትጨቀጭቅ። ስድስተኛውን አልሰፋሁትም። ለእናንተ በእጅህ አምኜ ሰፋሁ፤ የራሴን መስኮት ግን በሰው ስንዝር አልሰፋም። መጥቼ ራሴ እለካዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አዝዝሃለሁ፦ ያንን ቀበቶ ግዛው። አትላከው፤ እዚያው ይጠብቀኝ።

እትዬህ